በጆንያ ላይ የተጻፈ ሳምንት

ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ስፌቱ ተፈትቶ ሲዘረጋ አንድ ትልቅ ነጭ ሸራ ይወጣዋል። ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ጠርዙ እንዳይተረተር በሻማ ነበልባል ለብ ለብ ይደረጋል፤ ከላይና ከታች ቀጭን ቀርከሃ ይሰፋበታል። ከዚያ በኋላ መምህርቷ ወፍራም ማርከር ይዛ ፊቱ ትቀመጣለች። በገጠር ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ያላየ ጥቂት ነው። የሰውነት ክፍሎች፣ የማባዣ ሠንጠረዥ፣ የኢትዮጵያ ካርታ፣ ፊደል፣ ሁሉም በዚሁ ጆንያ ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይውላል። ብዙ ጎብኚ እንደ ድህነት ምልክት አይቶት ያልፋል። ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን የሚታየው የሠለጠነ እጅ ነው።

ጆንያው የተሸመነው ከጠፍጣፋ የፕላስቲክ ክር ነው፤ ቁልቁልና አግድም። መምህርቷ ማስመሪያ አያስፈልጋትም፤ ክሩን ትቆጥራለች። ለፊደሉ ሆድ ይህን ያህል ክር፣ ለዘንጉ የዚያን እጥፍ ብላ ከወሰነች፣ ጆንያው ላይ ያለው ሁሉ ፊደል እኩል ቁመት ይኖረዋል። ቀጥ ያለው መስመር በክሩ ላይ ሲሄድ ቀለሙ ሳይፈስ ጥርት ብሎ ይቀመጣል። ክቡ ላይ ግን ሽመናው እሺ አይልም፤ ጥምዝ መስመር በየክሩ መገናኛ እየተሰበረ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። መላው ብርጭቆ ደፍቶ ዙሪያውን በእርሳስ መሳል፣ ከዚያ ማርከሩን አቆልቁሎ በአጫጭር ነጥብ መሙላት ነው። ይህን ያልለመደ እጅ የሠራው ፊደል ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሆዱ የተነከሰ ይመስላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ያልተጻፈው ነው። በከተማ ኬጂ የሚለጠፈው የታተመ ሠንጠረዥ ሃያ ስድስቱንም የላቲን ፊደላት ከነሥዕላቸው በአንዴ ያወርደዋል። ሰው በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የሚያነሣው ቅሬታ የታወቀ ነው፤ «አፕል» ለገጠር ልጅ ምኑ ነው ይባላል። እኔ በዚህ አልጣላም። ፖም ከጨንቻ ይመጣል፤ ልጅም ያላየውን ነገር መልመድ አያቅተውም። የኔ ቅሬታ ሠንጠረዡ ለግድግዳ እንጂ ለልጅ ጣት አለመሠራቱ ነው። በአዋቂ ዐይን ልክ ይሰቀላል፣ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ከዚያ ማንም አይነካውም። ጥሩ የተሠራው ጆንያ በአምስት ዓመት ልጅ ትከሻ ልክ ይሰቀላል፤ አራት ወይም አምስት ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ቀሪው ቦታ ባዶ ነው። የልጆቹ ጣት ደጋግሞ የሚሄድበት መስመር ይደበዝዛል፤ መምህርቷም በየጊዜው በላዩ ትደግምበታለች። የጀማሪዎች የንባብ ትምህርት ሙያ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ምን እንደሚቀርብ ብቻ ሳይሆን ምን ለጊዜው ተደብቆ እንደሚቆይ ማወቅ።

ይህን ሙያ ማንኪራ ላይ ልመልከተው። ማንኪራ በካፋ ዞን፣ በዴቻ ወረዳ፣ ከቦንጋ ብዙ ሳይርቅ ያለች ቀበሌ ናት። ስሟ የሚነሣው በቡና ነው፤ የካፋ ሰው የቡና እናት የምትገኘው እዚህ ጫካ ውስጥ ነው ይላል፤ ቦንጋ ላይም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል። ጫካው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ክልል ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ጫካ ዝናብ ይበዛል፤ እርጥበቱም የወረቀት ሥዕልን በአንድ ክረምት ያሻግተዋል። ጆንያ አይሻግትም። ተጠቅልሎ ጣራ ሥር ይሻጣል፤ ሲያስፈልግ ይወርዳል።

እዚያ ጆንያ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ሀሁ አይደለም። የማንኪራ ልጅ አፉን የፈታው በካፊኖኖ ነው፤ ካፊኖኖ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ካፊኖኖን የሚያካትተው ከፋ-ሞቻ አንዱ ነበር፤ መጻፊያው ግን እንደሌሎቹ ሁሉ የግዕዝ ፊደል ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ሲከፍት ካፊኖኖ በላቲን ተጽፎ ክፍል ገባ። እናም በአንድ ቤት ውስጥ አያት የገዛ ቋንቋቸውን በ«ካ» እና በ«ኖ» ቆጥረው የተማሩ፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ያንኑ ቃል በሌላ ፊደል የምትጽፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅቷ ጥቂት ዓመት ቆይታ አማርኛ ስትጀምር ከአያቷ ፊደል ጋር ትገናኛለች። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነውና ሁለቱም ያስፈልጓታል።

የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር ለፖለቲከኞች ልተወው። እንደ ሥራ ካየናቸው ሁለቱም የየራሳቸው ብልሃትና የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው፤ ጥሩ መምህር ደግሞ ወጥመዱ የት እንዳለ ያውቃል።

ፊደላችንን እንይ። በ ሁለት እግርና አንድ ጣራ ነው። ቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ሲበቅል ቡ ይሆናል። ጭረቷ ወደ ተረከዝ ስትወርድ ቢ፤ ግራ እግሩ ሲያጥር ባ፤ ቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ቀለበት ሲገባ ቤ፤ ቀኙ ሲያጥር ቦ። የሰ፣ የከ፣ የአ ቤተሰብ ይህንኑ ሕግ በየአካሉ ይፈጽማል፤ አንዱን ቤተሰብ በደንብ ያወቀ ልጅ ሌላውን በግማሽ ያውቀዋል። ሕግ የማይገዛው ሳድሱ ነው። ብ ጭረቱን ግራ ላይ ያወጣል፤ ስ፣ ል፣ ር፣ ት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይታጠፋሉ። ችግሩ አማርኛ ስንጽፍ ከሁሉ አብዝቶ የሚመጣው ይኸው ሳድስ መሆኑ ነው፤ አንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዴ ባዶውን። ሌላም ወጥመድ አለ። ባን እና ቦን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታዩ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ኩባያ ጆሮው ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ኩባያነቱ እንደማይለወጥ ተምሮ ነው የመጣው። ፊደል ላይ ሲደርስ ይህን እውቀቱን እንዲተው ይጠየቃል።

የቄስ ትምህርት ቤት ለሌላ ወጥመድ ያበጀው መላ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። ልጁ ስንደዶ ይዞ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ገበታውን ይቆጥራል። ብዙም ሳይቆይ ዜማው ይገባዋል፤ ዐይኑ ዝንብ እየተከተለ አፉ እስከ ፐ ይደርሳል። ማንበብ ግን አልቻለም። የኔታ ያን ጊዜ ዜማውን ይወስዱበታል። አቡጊዳ ይመጣል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፤ ቀጥሎ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ፤ ከዚያ ገ ዱ ሂ ዋ ዜ ሕ ጦ። ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በየመሥመሩ ተነባቢው አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ በየፊደሉም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አናባቢው ይራመዳል። ሠንጠረዡ በሰያፍ ተቆርጧል ማለት ነው። ሰባቱም ድምፆች በእያንዳንዱ መሥመር አሉ፤ አንድ መሥመር ውስጥ አንድም የፊደል ቤተሰብ አይደገምም። ልጁ በጆሮ የያዘው ነገር አይረዳውም፤ ዐይኑን ወደ ፊደሉ ከመመለስ ሌላ አማራጭ የለውም። ይህን የቀመረ ሰው ልጆችን የሚያውቅ ነበር። ዛሬ በየቢሮው የሚጻፉ የማስተማሪያ መመሪያዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ነገር ብዙ አላገኘሁም።

የላቲኑ ጉዳይ ሌላ ነው። ፊደሉ ጥቂት ስለሆነ መልመዱ አያደክምም፤ ድካሙ መግጠሙ ላይ ነው። በግዕዝ ፊደል «ቡ» አንድ ጊዜ ታይታ አንድ ጊዜ ትባላለች። በላቲን ልጁ ሁለት ምልክት አይቶ፣ ሁለት ድምፅ ይዞ፣ በአፉ ውስጥ አንድ ሊያደርጋቸው ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ቃልን በየቀለሙ ቆርሶ ማጨብጨብ አያቅተውም፤ አንዱን ቀለም ደግሞ ተነባቢና አናባቢ አድርጎ መሰንጠቅ ግን ብዙ አዋቂን ያደናግራል። ስለዚህ ልምድ ያላት መምህርት የፊደሉን ስም ቶሎ አታስተምርም። «ቢ» እና «ኡ» ተገጥመው «ቡ» አይወጣም፤ «ቢኡ» ነው የሚወጣው። ከንፈሯን ገጥማ አጭር «ብ» ብቻ ትላለች፣ ቶሎ ቆርጣ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ልጆች ለወራት የሚሰናከሉበት ድንጋይ ግን ይኸው ነው።

ካፊኖኖ ደግሞ ርዝመት የሚሰማ ቋንቋ ነው። አጭር አናባቢና ረጅም አናባቢ፣ የላላ ተነባቢና የጠበቀ ተነባቢ በጽሑፉ ተለይተው ይታያሉ፤ የረዘመው ወይም የጠበቀው ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የቋንቋው ስም በላቲን ሲጻፍ «ኖኖ» በሚለው ክፍል አራት «ኦ» ይደረደራል። የእኛ ፊደል በዚህ በኩል ዝምተኛ ነው፤ «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ አንባቢው ከአረፍተ ነገሩ ይገምታል። የማንኪራ ልጅ እንዲገምት አይፈቀድለትም፤ ሰምቶ መጻፍ አለበት። ለመጻፍ ደግሞ ጆሮው አስቀድሞ መሠልጠን ይኖርበታል።

አሁን ወደ አንድ የክፍል ሳምንት ልምጣ። እዚህ የምገልጸው የአንዲት መምህርት ሳምንት አይደለም፤ በዜሮ ክፍል ሥራ የበረቱ መምህራን የሚያደርጉትን ለማንኪራ ልጅና ለ«ቡኖ» አስማምቼ ነው፤ ቡኖ በካፊኖኖ ቡና ነው። ዜሮ ክፍል፣ ብዙዎች ኦ-ክላስ የሚሉት፣ በ2002 ዓ.ም. ከወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ በኋላ በየመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ የተስፋፋው ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል፣ አንዲት መምህርት፣ ብዙ ልጅ።

ሰኞ ጆንያው እንደተጠቀለለ ይውላል። ፊደል የለም። መምህርቷ አንድ እፍኝ ቡና ይዛ ትገባለች፤ ልጆቹ ያሸታሉ፣ ይቆጥራሉ፣ እቤታቸው ማን እንደሚለቅም ይናገራሉ። ከዚያ «ቡ-ኖ» ብለው ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ረጅም አናባቢ ያለበት ቃል ሲመጣ አያጨበጭቡም፤ እጃቸውን ገጥመው ፈትል እንደምትስብ ሴት ቀስ ብለው ያራርቃሉ፤ ድምፁ እስካለ ድረስ እጁ ይሄዳል። ደረቅ ትምህርት አይደለም፤ ይስቃሉ፣ አንዱ እጁን እስከ ጎረቤቱ አፍንጫ ድረስ ይዘረጋል። መምህርቷ ግን እየሳቀችም እየቃኘች ነው። ድምፁ ካቆመ በኋላ እጁን መሳብ የቀጠለ ልጅ ጓደኛውን እያየ እንጂ እየሰማ አይደለም። ይህን ልጅ ዛሬ ካላወቀችው ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ መምህር «አያነብም» ብሎ ይጽፍበታል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ካፊኖኖ ከስድስቱ ውስጥ አልነበረም፤ የንባብ ዕጣ ግን በየትኛውም ቋንቋ የሚወሰነው እንዲህ ባለው ሰኞ ላይ ይመስለኛል።

ማክሰኞ ጆንያው ይወርዳል፤ «ብ» ትታያለች። ትሪ ላይ የተነጠፈ አሸዋ ይመጣል፤ ጠቋሚ ጣት ይገባበታል። እዚህ ላይ የመምህርቷ ዐይን ውጤቱ ላይ አይደለም፤ መነሻው ላይ ነው። የላቲኑ ትንሿ «ብ» ከዘንጓ ትጀምራለች፦ ከላይ ወደታች፣ ተመልሶ ወደ ላይ፣ ከዚያ ሆድ። ከሆዱ ጀምሮ ዘንጉን በኋላ የለጠፈ ልጅ ዛሬ ትክክለኛ ፊደል ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ወር ሳይሞላው ግን ዘንጉን በየትኛው ጎን እንደሚለጥፍ ይጠፋዋል። ምክንያቱም የላቲን «ድ» የዚሁ ፊደል የመስታወት ምስል ናት፤ የእኛ ባ እና ቦ እዚህም አሉ። «ድ» ከሆዷ ትጀምራለች። ሁለቱን የሚለየው ለልጅ ከመልካቸው ይልቅ የእጁ ጉዞ ነው። ስለዚህ መልኩ ያማረውን ትታ አነሣሡ የቀናውን «ጎበዝ» የምትል መምህርት ካያችሁ ሙያዋን ታውቃለች።

ረቡዕ መግጠም ነው። አንድ ልጅ «ብ» ይሆናል፣ አንዷ «ኡ» ትሆናለች፤ ከክፍሉ ሁለት ጫፍ ድምፃቸውን እያሰሙ ይራመዳሉ፤ ሲገናኙ ክፍሉ «ቡ!» ይላል። ከካልሲ የተሰፋ አሻንጉሊት ያላትም ያንን ታስገባለች። በዚህ ነገር አንድ የታወቀ ምሳሌ አለን። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲጀምሩ ስድስት ዓመቷን ቀጭኔ ፀሐይን በእጃቸው ነበር የሠሯት፤ ብሩክታዊት ቀደም ሲል የትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። ፕሮግራሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ። ሽልማቱን ያመጣው የስቱዲዮ ብልጭልጭ አልነበረም፤ ያ አልነበራቸውም። የሕፃን ጆሮ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ክፍል ውስጥ ቆሞ የተማረ ሰው ሥራ ነበር።

ሐሙስ የቆርኪ ቀን ነው፤ በየቆርኪው ሆድ አንድ ፊደል ይጻፋል፣ ልጆቹ መሬት ላይ ይደረድራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ።

ዓርብ ልጁ ይስላል። ቡና ሊሆን ይችላል፣ ውሻ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ መምህርቷ ካልተነገራት አታውቀውም። «ይሄ ምንድን ነው?» ትለዋለች በቋንቋው፤ የነገራትን ልክ እሱ እንዳለው ከሥዕሉ ግርጌ ትጽፍለታለች። ልታርመው አትሞክርም። ጣቱን ይዛ ከግራ ወደ ቀኝ እየወሰደች ታነብለታለች። ልጁ ከአፉ የወጣው ነገር ወረቀት ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው መልሶ ሲለው ይሰማል። ያቺን «ብ» ከራሱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲያገኛት ደግሞ ማንም አያስቆመውም፤ ግጥም አድርጎ ይጠቁማታል።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ደብተር ይከፈታል። በየስሙ አንጻር ሦስት ዓይነት ምልክት ይበቃል፦ ሰማ፣ ለየ፣ ገጠመ። ለሱፐርቫይዘር ተብሎ የሚሞላው የዕለት ዕቅድ ቅጽ ሌላ ነው፤ እሱ ዓላማ፣ ተግባር፣ ግምገማ የሚል ዓምድ አለው፤ በመልካም የእጅ ጽሑፍ ይሞላል፣ ይፈረምበታል። የሚቀጥለው ሰኞ የሚሠራው ግን ከትንሹ ደብተር ነው። ያልሰሙት ከበዙ አዲስ ፊደል አይገባም፤ ያው ጆንያ ያው ቡና ሌላ ሳምንት ይደገማል።

ዓመቱን የሚያቀናው ደግሞ ቡናው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ ፍሬ ሲደርስ ቤተሰብ ጫካ ይገባል፤ ትልልቆቹ ልጆች ይለቅማሉ፣ ትንንሾቹ ወይ ይከተላሉ ወይ ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። የክፍሉ ወንበር ይሳሳል። በዚህ ጊዜ አዲስ ፊደል ማስገባት ግማሹን ክፍል ጥሎ መሄድ ነው። ሙያዋን የያዘች መምህርት ይህን በመስከረም ቁጭ ብላ ታሰላዋለች። «ብ» ከለቀማው በፊት ትገባለች። በለቀማው ሳምንታት ለመጡት ልጆች ክለሳ፣ ተረት፣ ማጨብጨብ፣ የአሸዋ ትሪ ብቻ ይሆናል፤ የቀረ ልጅ ሲመለስ ያመለጠው ፊደል አይኖርም። የመስታወት ምስሏ «ድ» ዕቅዱ ላይ የተቀመጠችው ጥር ውስጥ ነው፤ እስከዚያ የ«ብ» መነሻ በሁሉም ጣት ላይ ይረጋል፤ በመካከሉ ያለውን ክፍተት ለቀማው ራሱ ሰጥቷታል።